ዳማ የቆመችበት ቀን

አባቴ በዚህ ዓለም ላይ የሚጠላው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰውየው ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያለ ከዘራ አይራመዱም፤ አባቴንም ቀርበው አነጋግረውት አያውቁም። ጥፋታቸው በ1965 ዓ.ም. አንድ የመኪና ውድድር መሸነፋቸው ነው። እኔ ምሥራቅ ደግሞ፣ ስንት ወንድ በሞላበት አገር፣ ሄጄ ሄጄ የእኚሁን ሰው የልጅ ልጅ ወደድኩ።

ያስቃል አይደል? እኔም እስቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ አፍረው ከቤታችን የወጡ ዕለት ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። ያን ጊዜ በየዓመቱ ከቲሊሊ ተነሥተው፣ በዘንገና በኩል ኮሶበርን፣ የዛሬዋን እንጅባራን፣ አቋርጠው ዳንግላ ላይ የሚያበቁ የውድድር መኪኖች ነበሩ። መንገዱ ጠጠር ነው። መኪኖቹ ባለ ሁለት በር ኩፔዎች፣ ጣሪያቸው ወደ ኋላ ዘመም ያለ፣ ቀለል እንዲሉ የኋላ ወንበራቸው የተነቀለ። አገራችን የፈረስ አገር ስለሆነ ሰዉ መኪኖቹንም እንደ ፈረስ በመልካቸው ጠራቸው። ነጯ አምባላይ፣ ጥቁሯ ጉራች፣ ቡናማዋ ዳማ ተባሉ። ሹፌሮቹም እንደ ጥንቱ ጀግና በፈረሳቸው ስም ተጠሩ። ዳማን የሚነዱት የዳንግላው ሰው፣ ሹፌር ይሄነው፣ አባ ዳማ ሆኑ።

አባቴ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ዳማ ሁለት ዓመት ተከታትላ አንደኛ ስለወጣች በሦስተኛው ዓመት ዳንግላ የሠርግ ቤት መስላ ነበር አሉ። አባቴ አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። አቧራ ተነሣ፤ አምባላይ ገባች። እንደገና ተነሣ፤ ጉራች ገባች። ከዚያ በኋላ አቧራ የለም። ሰዉ ተበታትኖ፣ ጋሪዎቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ካበቁ በኋላ ዳማ ዝግ ብላ መጣች። ምንም አልተሰበረባትም። ሹፌሩ ወረዱና "ምን ሆነህ ነው?" ሲባሉ "ተሸነፍኩ" ብቻ አሉ።

በማግሥቱ ወሬ መጣ። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ዳማን ዘንገና መታጠፊያው ላይ ቆማ አይቷታል። እንግዲህ ፈርቶ ነው የቆመው ተባለ። አባ ዳማ የነበሩት ሰውዬ "አባ ቁም" ተባሉ። በዚያው ሰሞን ዳንግላን ለቅቀው እንጅባራ ገቡ፤ መኪናዋንም በረት ውስጥ ዘጉባት። አባቴ አደገ፣ ነገደ፣ ወለደ፣ አምስት መጋዘን እህል ሞላ። ያንን ቀን ግን አልረሳም። የሚወዱት ሰው ሲያሳፍር የሚያመው ሕመም ክትባት የለውም፤ ይህንን እንደ ፋርማሲስት እመሰክራለሁ።

ፀጋው የእኚህ ሰው የልጅ ልጅ ነው። እንጅባራ ትንሽ ጋራዥ አለው። የተዋወቅነው ዳንግላ ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ለተቃጠለ እጁ ቅባት ሊጠይቀኝ ፋርማሲ የገባ ዕለት ነው። አቀባቡን ሳሳየው እጁን ከሚያስፈልገው በላይ ይዤ ቆየሁ። እሱም አልነጠቀኝም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንን።

ኅዳር ላይ ሦስት ሽማግሌ ላከ። እናቴ ውብአየሁ "ጋራዥ ሠራተኛ ለልጄ?" ልትል ከንፈሯን አሹላ ተቀምጣ ነበር። አባቴ ቀደማት።

"የማን ልጅ ነው አላችሁኝ?"

"የሹፌር ይሄነው የልጅ ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው።"

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። "አባቶቼ፣ ሠርቶ የሚበላ ልጅ አልንቅም። የሞተር ግራሶም ሆነ እህል የሚያመጣው ያው እንጀራ ነው። ግን ጭንቅ ሲመጣ መንገድ ላይ ለሚቆም ሰው ዘር ልጄን አልሰጥም። በእግዜር ስም ያመጣችሁትን በእግዜር ስም መልሱልኝ።"

እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ተምሬ፣ በራሴ ደመወዝ እየኖርኩ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ከበር ኋላ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ፀጋው ጠፋ። ኔትወርክ የለም፣ ስልኩ አይሠራም፤ እንዲያውም ቢሠራ ይደውል እንደሆን ማን ያውቃል? አርባ ቀን ቆጠርኩ። በአርባ አንደኛው ቀን አንድ የሚኒባስ ሹፌር የታሸገ ወረቀት ሰጠኝ። የፀጋውን የተንጋደደ ጽሕፈት ሳይ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ከፈትኩት።

"ምሥራቅዬ፣ ሽማግሌ ዳግመኛ አልልክም..."

ከዚያ በላይ አላነበብኩም። አጠፍኩና ከአሞክሳሲሊኑ ካርቶን ጀርባ ወረወርኩት። አንድ ጊዜ እምቢ ተብሎ ይደክመዋል? የአባቴ ቃል በጆሮዬ አቃጨለ፤ መንገድ ላይ የሚቆም ሰው ዘር። ይህን በማሰቤ አፍሬያለሁ፤ ማሰቤን ግን አልክድም።

ወር አለፈ። የካቲት ላይ እንጅባራ ሜዳ "የጥንት መኪኖች ወዳጆች" ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ማን ነው? አባቴ! ሹፌሩን ጠልቶ መኪናዋን የሚወድ ጉደኛ ሰው ነው። ሽማግሌ ደጋፊዎች ከዳንግላ፣ ከግምጃ ቤት፣ ከባሕር ዳር ሁሉ ይመጣሉ፤ ያዩትን ይናገራሉ። ዳማም ተጠርታለች። በጥሪ ደብዳቤው ላይ "መኪናዋ ብትመጣልን ደስ ይለናል" ተብሎ ሲጻፍ ስለ ሹፌሩ አንድ ቃል አልተጻፈም።

አልሄድም ብዬ ነበር። በዕለቱ ጠዋት መድኃኒት ላወርድ ካርቶኑን ስስበው ወረቀቱ እግሬ ሥር ወደቀ። እዚያው መሰላሉ ላይ ቆሜ ጨርሼ አነበብኩት።

"ምሥራቅዬ፣ ሽማግሌ ዳግመኛ አልልክም፤ አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሽማግሌ አባትሽን አይመልሳቸውም። እሳቸው የተቀየሙት በእኔ አይደለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተቀየሙበትን ነገር ማስተካከል አለብኝ። ቀንና ማታ ዳማን እየሠራሁ ነው። ባለፈው ለሙከራ በዘንገና በኩል ነዳኋት። እዚያ ያገኘሁትን በእኔ አፍ ብናገረው የልጅ ልጅ ተረት ነው የሚባለው። አያቴም እንዳላወራ አስምለውኛል። ካመንሽኝ የካቲት ላይ ለመኪኖቹ ስብሰባ ነይ። ካላመንሽኝም አልፈርድብሽም፤ እኔ ግን አንቺን ትቼ የትም አልሄድኩም። እዚሁ ነኝ፣ መኪናዋ ሥር።"

ነጩን ጋውኔን አውልቄ ሚኒባስ ያዝኩ። እስከ እንጅባራ ድረስ ራሴን እየሰደብኩ ሄድኩ።

ሜዳው ሞልቷል። አባቴ መድረኩ ላይ ማይክ ይዞ ቆሟል፤ ከፋሲካ በቀር የማይለብሰውን ኮት ለብሷል። ሽማግሌዎቹ በየተራ ይናገራሉ። አንዱ "ጉራች ስታልፍ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እናቴ ትራገም ነበር፣ እኔ እስቅ ነበር" አለ። ሌላው የአምባላይ ሹፌር ሁልጊዜ አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳ እንደነበር ተናገረ። ሦስተኛው "ውሸትህን ነው፣ ያ ጉራች ነው" ብሎ ተነሣ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት በነበረ ክንድ ሊደባደቡ ደረሱ። አባቴ ገላገላቸው።

ያን ጊዜ የሞተሯ ድምፅ ተሰማ።

ዳማ በአጥሩ በር ገባች፤ አዲስ እንደተገዛ ጫማ ታብረቀርቃለች። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አነሡ። አንዱ በአደባባይ አለቀሰ። አባቴን አየሁት። አፉ ተከፍቶ፣ ማይኩን ረስቶ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ፊቱ ላይ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም ነበር።

ፀጋው ከሹፌሩ ወንበር ወረደ። ከስቷል። ዓይኑ ሰዉን አቋርጦ እኔን ፈለገ፤ አገኘኝ፤ ወዲያው አቀረቀረ። መምጣቴን አልጠበቀም ነበር መሰለኝ። ከዚያ ዞሮ ሌላውን በር ከፈተ፤ ከዘራ ወጣ፤ ቀጥለው አያቱ ወረዱ።

የአባቴ ፊት ተዘጋ።

"እኛ የጠራነው መኪናዋን ነው" አለ። ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስቶታል፤ ቃሉ ሜዳውን ሞላው። ከኋላ አንዱ "አባ ቁም!" ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ተነሣ። ሽማግሌው መሬቱን እያዩ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፀጋው ጉንጩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጥርሱን ነክሷል።

እኔ ያን ጊዜ መታጠፊያው ላይ በእርግጥ የሆነውን አላውቅም። ሽማግሌው ፈርተው ይሁን አይሁን አላውቅም። ቢፈሩስ? ሰው ሆኖ ያልፈራ ማን አለ? እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሜዳውን አቋርጬ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ የሽማግሌውን ጉልበት ሳምኩ፤ ከፀጋው ጎን ቆምኩ።

"ምሥራቅ!" አለ አባቴ። "ወደዚህ ነይ!"

"እዚህ ነኝ አባዬ።"

"ሰው እያየሽ ነው!"

"ይየኝ!"

እግሬ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ፀጋው ሳያየኝ፣ ፊቱን ወደ ፊት እንዳደረገ፣ "መጣሽ" አለኝ በቀስታ። "ደብዳቤውን ዛሬ ጠዋት ነው ያነበብኩት፣ ሞኝ ነኝ" አልኩት። ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው። አባቷን ያዋረደች ሴት ነበርኩ በዚያች ደቂቃ፤ እንደዚያ ቀን ግን ራሴን ወድጄው አላውቅም።

ከደጋፊዎቹ መካከል አንዲት ባልቴት ተነሡ። ነጠላቸውን አደግድገዋል። ወደ ዳማ ሄደው ጣሪያዋን በመዳፋቸው ዳሰሱና ወደ መድረኩ ዞረው በአገውኛ መናገር ጀመሩ። የባሕር ዳር እንግዶች "ይተርጎምልን!" አሉ። እኔም የከተማ ልጅ ነኝ፣ አገውኛ አልሰማም። አባቴ ግን ሠላሳ ዓመት ግምጃ ቤት ገበያ የነገደ ሰው ነው፤ አገውኛው የታወቀ ነው። ከእኔ ጋር የጀመረውን ንትርክ የሚያመልጥበት መንገድ በማግኘቱ ደስ እያለው ማይኩን አነሣ።

"እናትነሽ እባላለሁ ይላሉ። ከዘንገና ነው የመጣሁት። ይህችን መኪና አውቃታለሁ ይላሉ።"

ጭብጨባ ሆነ። ባልቴቷ ቀጠሉ።

"ባሌ በሞተ ቀን ነው ያየኋት ይላሉ። ነፍስ ይማር። ሬሳውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወስድ... ወንዶቹ ሁሉ እሽቅድድም ሊያዩ ወደ ኮሶበር ወርደው ነበር። ቃሬዛውን የያዙት አራት ብቻ ናቸው። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ዳገቱ ላይ ጉልበቱ ከዳው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ይህች መኪና..."

አባቴ ቆመ።

ባልቴቷ አልቆሙም፤ መናገራቸውን ቀጠሉ። አገውኛ የሚሰሙት ሰዎች አንድ በአንድ ዝም ሲሉ አየሁ። ከአጠገቤ ያለች ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አንዱ ሰውዬ ወደ ፀጋው አያት ዞሮ ፈዞ ቀረ። እኔና የባሕር ዳር ሰዎች ብቻ ምንም ሳናውቅ የአባቴን አፍ እንጠብቃለን። ባልቴቷ ጨረሱ።

አባቴ የፈለገውን ሊል ይችል ነበር። "መኪናዋን አመስግነው ነው" ቢል እኔ ምን አውቃለሁ? ማይኩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የያዘው ነገር እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ፈራሁለት። ፀጋውን ከማጣት ይልቅ፣ አባቴ በዚያ ሰዓት ትንሽ ሰው እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

"አባዬ" አልኩት፤ "ምን አሉ?"

አየኝ። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

"ይህች መኪና በፍጥነት መጣች ይላሉ። እኛን ስታይ ቆመች። ሹፌሩ ሞተሯን አጠፋ። ሬሳ ሲያልፍ ፈረሰኛ ከፈረሱ እንደሚወርደው ወረደ፤ ኮፍያውን አወለቀ። አላፊ ነውና አምስት እርምጃ አጅቦ ይመለሳል ብለን ነበር። እሱ ግን ሽማግሌውን ከቃሬዛው ሥር አውጥቶ የራሱን ትከሻ አገባ።" አባቴ ፊቱን በእጁ አበሰ። "እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ባሌን ተሸከመልኝ ይላሉ። ሲመለስ መኪናዋ አልነሣም አለችው። ለቀስተኞቹ ገፍተን አስነሣንለት። ስሙን አልነገረንም። እኛ አገር ይህንን የማያውቅ የለም፤ የጠየቀን ግን የለም። ሰውየው ለዚህ ሲሰደብ እንደኖረ የልጅ ልጁ በዚች መኪና መንደራችን መጥቶ ሲነግረኝ ነው የሰማሁት ይላሉ። ዛሬ... ላመሰግነው ነው የመጣሁት ይላሉ።"

ማንም አላጨበጨበም። "አባ ቁም" ብሎ የጮኸው ሰው የት እንደገባ እንጃ።

አባቴ ማይኩን ወንበር ላይ አስቀመጠና ከመድረኩ ወረደ። ወደ እኛ ሲመጣ መንገዱ የረዘመበት ይመስል ነበር። ከሽማግሌው ፊት ቆመ።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩንም?"

"ምን ብዬ ልንገር ልጄ?" አሉ ሹፌር ይሄነው። ድምፃቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ቀጭንና የረጋ ነው። "በሬሳ ላሳብብ? ውድድሩን የተሸነፍኩ እኔ ነኝ። ሟቹ ምን አደረገ?"

"ፈሪ አልንዎ እኮ! እኔ ራሴ አባ ቁም እያልኩ ነው ያደግኩት። ትናንትም ብዬዎታለሁ።"

"ቆሜያለሁ እኮ። ውሸት አልተናገርክም።"

ይህንን ሲሉ ፈገግ አሉ። አባቴ መቋቋም አቃተው። አምስት መጋዘን ያለው ሰው፣ ኮቱን ሳያስብ፣ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። "ይቅር ይበሉኝ አባ ዳማ" አለ። ስሙን ሲጠራ ሕዝቡ አብሮ ጠራው። "አባ ዳማ! አባ ዳማ!" ሜዳው ተናወጠ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ባልቴቷ እናትነሽ መጥተው የሽማግሌውን ትከሻ፣ ያንን ቀኙን ትከሻ፣ ሳሙት። ጋሽ ይሄነው እዚያ ላይ አለቀሱ፤ ሲሰደቡ ያላለቀሱ ሰው።

አባቴ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ፀጋውን አየው። ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"አንተ፣ ይህንን ስታውቅ ወር ሙሉ ዝም አልክ?"

"አያቴ አስምለውኝ ነበር ጋሽ ሀብቱ።"

"ሳልሰማህ ሽማግሌዎችህን መለስኩ።" አባቴ ወደ አባ ዳማ ዞረ። "እሁድ ቤቴ ይምጡልኝ። ሽማግሌ ልከው ሳይሆን እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ልጄን ከእኔ እጅ እርስዎ ይቀበሉኝ።"

"ልጅቷንስ ጠይቀሃታል?" አሉ አባ ዳማ።

"ኧረግ! ጠየቅኋት እንጂ፤ በሰው ፊት መልሳልኛለች" አለ አባቴ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። እናቴ ይህንን ስትሰማ የጋራዡን ነገር ታነሣ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ታንሣ! ዛሬ የሚያስፈራኝ የለም።

ያን ጊዜ ሕዝቡ "ትነዳ! ትነዳ!" ማለት ጀመረ። ፀጋው ቁልፉን ለአያቱ ሰጠ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ለእኔ አቀበሉኝና መሪው ላይ ተቀመጡ። ጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። አባቴ ወንበሩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እኛን አየ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። "መግባት እችላለሁ?" ብሎ ጠየቀ። የጠየቀበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ዳማ ተነሥታ ሜዳውን ዞረች። ዝግ ብላ ጀምራ ፈጠነች። ሰዉ በሙሉ ወደ እሷ ሮጠ፤ እኔና ፀጋው መሀል ሜዳ ላይ ብቻችንን ቀረን። በፊታችን ሲያልፉ አባቴ ግማሽ አካሉን በመስኮቱ አውጥቶ፣ ኮቱ እየተውለበለበ፣ "ምሥራቅ! እዪኝ! እዪኝ!" እያለ ይጮኻል።

"አየሁህ አባዬ!" አልኩ እያለቀስኩ። "አየሁህ!"

ፀጋው እጄን ያዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስውር የያዝኩትን እጅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአገር ሁሉ ፊት አጥብቄ ያዝኩት።